የጨለማው ዋጋ

ግሪክን ሰው ሁሉ በባሕሯ ያውቃታል፤
በነጭ ግድግዳ፣ በሰማያዊ በር፣ በፀሐይ ይስላታል።
ጥር ላይ ግን፣ እኛ በጋ በምንለው ወር፣
ፒንዶስ ተራራ ላይ ሌላ ግሪክ ነበር፦
ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣
ፖስተኛም በሳምንት አንዴ የሚመጣ።

ቫያ፣ ሐምሌ ሲሆን፣ ፓሮስ ደሴት ወርዳ
የቱሪስት አንሶላ ታጥፋለች በማለዳ።
አሸዋ ከአልጋ ላይ ስታራግፍ ከርማ፣
ጥቅምት ላይ ትመጣለች ሻንጣዋን ተሸክማ፤
እዚህም ያው አንሶላ፣ እዚህም ያው ፎጣ፣
በአሸዋው ፋንታ ብቻ በረዶ ሲመጣ።

የጥንቱ ነጋዴ ቤት፣ አራት ትውልድ ያለቀበት፣
አሁን ሆቴል ሆኗል፣ ወለሉ የሚሞቅበት።
ደጁ ላይ ገንዳ አለ፤ ውሃው እንፋሎት ይተፋል፤
እንግዳ በዋና ልብስ በበረዶ መሃል ይንሳፈፋል።
ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው
ቫያ በወር የምታገኘው ነው።
(ይህን ስቴርጊዮስ ነው ያሰላው፣
እንጨት ፈላጩ፤ ሒሳብ የሚወድ ሰው።)

አምና፣ ከጥምቀታቸው ማግስት፣
በረዶ ወረደ፣ ሌት ከቀን፣ ለቀናት ሦስት።
መንገዱ ተዘጋ፤ ምሰሶ ወደቀ፤
መብራት ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ በሦስተኛው አለቀ።
ወለሉ በረደ፤ ገንዳው መስታወት ለበሰ፤
ከሐር አንሶላ ውስጥ ጥርስ ሲንገጫገጭ ድምፁ ምድር ቤት ደረሰ።

ምድር ቤት አንድ ምድጃ ነበር፣ አርክቴክቱ የረሳው፣
ጥላሸት የጠገበ፣ ጠባዩን ከቫያ በቀር የማያውቀው ሰው።
እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ በብርድ ልብስ ተጀቡነው ወረዱ፤
መጀመሪያ ቆሙ፤ ቀጥሎ ተቀመጡ፤ ኋላማ ለመዱ።
ባለመርከቡ ካሊጋስ ሽንኩርት ላጠ፤ እያለቀሰ ሳቀ፤
ሚስቱ ሚርሲኒ፣ ካባዋ ላይ ውሻ ሲተኛ ዝም አለች፤ ካባው አለቀ።
ቫያ ትራሃና ቀቀለች፣
እህቷ በነሐሴ ያሰጣችው፣ በእርጎ የታሸ ስንዴ፤
አንድ ድስት፣ አሥራ አራት ማንኪያ፣ ሁሉም ባንዴ።
ሌሊቱን ተረት አወሩ፤ ማንም ስልኩን አላየ፤
(ባትሪው አልቆ ነው፤ ያ ግን በኋላ ከወሬው ተለየ።)

በአራተኛው ቀን በረዶ ጠራጊው መኪና እያጓራ መጣ፤
ካሊጋስ እንባ አቅርሮ፣ የቫያን እጅ ስሞ ወጣ፤
«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሌሊት አላሳለፍኩም» አለ።
ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው ቆሞ ሰማ፤ አንድ ሐሳብም በቀለ።

ዘንድሮ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ አዲስ መስመር ይታያል፤
«የጨለማ ሌሊት»። ከመኝታው በላይ፣ ሦስት መቶ ዩሮ ይላል።
ምድጃው ጥላሸቱ እንዳይነካ ታዘዘ፤
ለእንግዳ የሚላጥ ሽንኩርት ታጥቦ በቅርጫት ተያዘ፤
ተረት ነጋሪ ተቀጠረ፤ ውሻም ተከራዩ፤
ጄኔሬተሩን ከጥድ ጀርባ ሸሸጉት፣ እንዳያዩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ማብሪያውን የምታጠፋው ቫያ ናት።
ጣቷን አስደግፋ ትቆያለች፤ ያፍራት እንደሆን፣ ደስ ይበላት፣ ማን ያውቅላት።
ቀጭ።
እንግዶች ያጨበጭባሉ።
«ወይ ጉድ! ኮከቡ!» ይላሉ።

እሷ ቤት፣ ከወንዙ ማዶ፣
ቆጣሪው ከታሸገ ወራት አልፎታል፤ ሒሳቡ አልተከፈለም፤
እዚያም ያው ጨለማ ነው፤ የሚያጨበጭብ ግን የለም።

አንድ እንከን ቀረ። ከሸለቆው በታች
የስቴርጊዮስ አምፖል በረንዳው ላይ ትበራለች፤
አርባ ዋት፣ ቢጫ፣ የዝንብ ኩስ ያለባት፣
የስንት ዩሮ ጨለማ የተቀደደባት።
ሥራ አስኪያጁ ፋኖስ ይዞ፣ በረዶውን እየጣሰ ወረደ፤
አንኳኳ። አሳለ። ወደ ሰማይ አየ። ጉዳዩ ከበደ።
«ስቴርጊዮስ፣ አትቀየመኝ፤ ያቺን አምፖል፣ ለሌሊቱ ብቻ… ብታጠፋት።»
ሽማግሌው መነጽሩን ጠረገ፤ አምፖሏን ቀና ብሎ አያት፤
መጥረቢያውን ከግድግዳው አስደገፈ፤
ከጆሮው ጀርባ እርሳስ መዘዘ፣ መዳፉ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈ።
«የእኔ ይህ ነው» አለ፤ «በሌሊት፤ ቁርስን ሳይጨምር።
የቫያን ለብቻ እናስላው፤ የእሷ ቤት ከጥቅምት ጀምሮ በነጻ ሲያጨልምላችሁ ነበር።»