አራት ምት ባዶ

ቤቱ ማራኪ ነው፣ ከወፍጮው በስተጀርባ፤
ቅዳሜ ከሰዓት ኪቦርዴን አቅፌ ስገባ፣
ሻምበል ባሻ አዛናው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤
«ዘገየህ፤ ግንባር ቢሆን ሞተሃል» ይላል።
ውሃ ሲቀዳ እጁ ተንቀጥቅጦ ያፈሳል፤
ትራምፔቱን ሲያነሣ ግን ያ እጅ ድንጋይ ይለብሳል።

«አዘዞ ነው የተማርሁት» ይለኛል፣ «በመምህር አይደለም፣ በብርድ፤
ጎህ ሳይቀድ ቆሜ የምነፋ፣ ጉልበቴ ከታች ሲርድ።
ናሱ ከንፈር ከያዘ አይለቅም፤ ቆዳ ይዞ ይነሣል፤
በቀዘቀዘ አፍ ወደ ላይኛው ድምፅ ማን ይደርሳል?
ከሥር ጀመርሁ፤ ጎተት፣ ጎተት፣ እያሟሟቅሁ፣
እንደሚያዛጋ ሰው ቀስ ብዬ ወደ ላይ እየዘለቅሁ።
ተረኛው መኮንን ሰምቶ ሦስት ቀን አሰረኝ፤
‹ቀስቅስ ተባልህ እንጂ እሹሩሩ በል ማን አለህ?› አለኝ።
ዛሬ ልጆቹ ‹የሱ ስታይል› የሚሉት፣
ጃዝ ነው፣ አይደለም ብለው የሚከራከሩበት፣
የአዘዞ ብርድ ነው፤ ሌላ ስም የለው።»

ቀን ሰልፍ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።
ጄኔራል ሲመጣ ማርሽ፣
ጄኔራል ሲሸኝ ማርሽ፤
ማታ በፈቃድ ወረቀት፣ ከፒያሳ ፖስታ ቤት ቁልቁል፣
ኮቱ የሲቪል፣ ጫማው የመንግሥት፣
ተክላይ ከበሮውን የሚዳብስበት የጫማ ብሩሽ፣
ጥቁር ቀለሙ ያልለቀቀው፤ እሽሽ፣ እሽሽ።
አንቺሆዬን ቀን በሰልፍ ያቆሙታል፤
ማታ ትጥቁን ያስፈቱታል።

«ግራ እግር ምቱ ላይ ይወርዳል፤ ይኼ ትእዛዝ ነው።
ማታ ግን እያወቅን እናዘገየው ነበር፣
ጥቂት፣ ለቅጣት የማትበቃ።
ሰው የሚጨፍረው ለዚያች ለጥቂቷ ነው።»

አንድ ዜማ ነበራቸው፣ ስም ያላወጡለት።
እሱ በትራምፔት ይጠይቃል፤
ኦላና በትሮምቦን፣ በአራት ምት፣ ይመልስለታል።
መልሱ አንድ ቀን ስድብ ነው፣ አንድ ቀን ሳቅ፣
አንድ ቀን የነቀምቴ ዝናብ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ዝመቱ ተባለ።
ተክላይን ከዘመቻው በፊት፣ አንድ ሌሊት፣ ወሰዱት፤
ብሩሹ ቀረ።
ሙዚቀኛ ግንባር ሲደርስ መሣሪያው ቃሬዛ ነው።
ኦላና የፊቱን ያዘ፣ አዛናው የኋላውን።
ቁልቁለት ነበር።
ቃሬዛው በፊት በኩል ወደቀ።

ከዚህ በላይ ነግሮኝ አያውቅም።
የነገረኝ፣ ሲመለሱ፣ የመጀመሪያውን ልምምድ ነው፤
የባንዱ አለቃ ሳክስፎኑን «አንተ ሙላው» ሲለው፣
እሱ ጠየቀ፤
በእግሩ አራት ቈጠረ፤
ቀጠለ።
ሳክስፎኑ አልነፋም። አለቃውም ትእዛዙን አልደገመም።

እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ባዶውን ባየሁ ጊዜ ጣቴ አላስችል ብሎኝ
አራቱን ምት ባማረ ኮርድ ሞላሁት።
ትራምፔቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
አልተቆጣም።
«ልጄ፣ ተነሥ» አለኝ፤
«ሰው ላይ ተቀምጠሃል።»

ባለፈው እሑድ ማታ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ሆቴል፣
ጎንደር ከሥራችን መብራቷን ስትለኩስ፣
ዜማው ደረሰ። ጠየቀ። እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍሁ።
አንድ፣
ሁለት፣
እንግዶቹ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ።
ደነገጥሁ፤ በዓይኔ ይቅርታ ልለው ዞርሁ።
ራሱን ዘንበል አድርጎ፣
በስተግራው ያለውን ክፍት ቦታ እያየ፣
«ተዋቸው» አለኝ፤
«ይገባዋል።»