አፈር የገባው ወንበር

ባልቲክ ባሕር ላይ፣ በሳሬማ ደሴት፣
አሮጌ የላም በረት ሆኗል የወንበር ቤት።
ሌሎ ትባላለች፣ የኤንደል የልጅ ልጅ፤
ምስማር ያልጨበጠ፣ ሙጫ ያልነካው እጅ።

የመጋዝ ብናኝና የተልባ ገለባ
ከጎረቤት ሰፈር በጆንያ ሲገባ፣
ቀቅላ ታጸዳዋለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣
የእንጉዳይ ዘር ወስዳ ትበትንበታለች፤
በወንበር ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ከድና፣
ሌሊት ትነሣለች፣ እንደ አራስ ሆና።

ኤንደል ይስቃል፦
«ሠላሳ ሁለት ዓመት በፋብሪካ ስኖር
ሥራዬ ይኸው ነበር፦ ሻጋታ ማባረር።
አንቺ ደግሞ ዛሬ ሻጋታውን ጠራሽ፣
ተቀመጥ ልትዪኝ፣ ወገቤን ልትሰብሪ፣ ጉድ ሳላይ ላይቀርሽ!»
ሳቁን ሳል ቀማው፣ ትከሻውን ንጦ፣ እንባውን አፍስሶ፤
የዚያ ፋብሪካ ሙጫ ደረቱ ውስጥ አለ፣ ጎጆውን ቀልሶ።

የመጀመሪያው ቅርጽ አረንጓዴ አወጣ፤
ሌላ ሻጋታ ነው፣ ሳይጠራ የመጣ።
ሁለተኛው ደርቆ ከእግሩ ተሰነጠቀ።
ሦስተኛው፣
ቅንጣትን ከቅንጣት እያቆላለፈ
ነጭ ድር ዘረጋ፣ ከአፉ እስኪተርፍ ተረፈ።
ድር ቢያብር፣ ሲባል፣ አንበሳ ያስራል፤
እዚህ አንበሳ የለም፤ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ከዚያ ምድጃ ገባ፣ ማደጉ እንዲያበቃ፤
ማደግ ካላቆመ ይበላልና የቤቱን ዕቃ።

ኤንደል ጎንበስ አለ፣ በጣቱ አንኳኳው፤
እንደ ዳቦ ቅርፊት ደረቅ ድምፅ ሰጠው።
ተቀመጠ። ዝም።
ነፋስ ብቻ ነበር፣ ከጥዶቹ መሐል የሚያጉረመርም።
«ሽታ የለውም» አለ፣ ጥቂት ቆየት ብሎ፣
ሙጫ የሚያውቅ አፍንጫው አየሩን አብጠርጥሮ።

በአራተኛው በረዶ አንድ እግሩ ለቀቀ።
ሌሎ አላዘነችም፤
ግማሹን ፈጭታ ለአዲሱ ቅርጽ ሰጠች፣
ግማሹን ወስዳ ድንች መደቡ ሥር ቀበረች።

ከበረቱ ጀርባ፣ ኤንደል የሠራቸው የፋብሪካ ወንበሮች
ዝናብ አሳብጧቸው፣ ቅባቸው ተልጦ፣
ቆመዋል እስካሁን፣
መቀመጥም እንቢ፣ መበስበስም እንቢ።

መከር ላይ፣ እራት ቀርቦ፣
«ያ ወንበሬስ?» አለ፣ አንገቱን አስግጎ።
«ግማሹ፣ አባባ፣ የተቀመጥክበት፤
ግማሹ ሳህንህ ላይ፣ ቅቤ ያቀለጥክበት።»

ድንቹን አየው። ሹካውን አነሣ።
«ብዙ ወንበር ሠራሁ፣
በወንበር ላይ ያሉም፣ ብዙ ሰዎች አየሁ፤
በቃኝ ብሎ አፈር የገባውን ግን፣ አሁን ገና በላሁ።»

ከዚያ፦
«ጨው አቀብዪኝ።»