ገበያው መቀነት ገዛ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ መብራት መጥቷል ቡሬ።
ሰፌድ ታቅፌያለሁ፣ አፉ ድረስ በርበሬ።
ዛላውን ከጭራው ስለይ፣ ስቀነጥስ፣
ዓይኔን በክርኔ ጠርጌ ሳስነጥስ፣
ስልኬ ጮኸ።

ማዘዣ መስሎኝ ነበር፣ ከአዳማ፤
“ደስ የሚል ዜና አለን፣ ውድ ነጋዴያችን፣ ስማ!”
(ወንድ አድርጎኛል፤ ይሁን።)
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦
“ጉሊት መቀነትን ጠቅልሎ ገዝቷል።”
“ምንም አይቀየርም” ይላል ደግሞ ቀጥሎ።
ምንም ካልተቀየረ
በዚህ ምሽት መንገር ምን አስቸኮለው ቶሎ?

ጉሊት የምንሸጥበት ነው፣ የስልኩ ገበያ፤
መቀነት የሚከፍለን፣ የብራችን ማቆያ።
ባዕድ ነበሩ ሁለቱ፤ ለኛ ግን ደግ ነበረ፣
አንዱ ሲያምታታብኝ አንዱ እየመሰከረ።
ገበያ አዲሴ አይደለም፤
ጭቃውን አውቃለሁ፣ ሌባውን አውቃለሁ፣
ሚዛን ላይ አውራ ጣት የሚጭነውን አውቃለሁ።
ገበያው ራሱ መጥቶ ወገቤ ላይ ሲታጠቅ ግን
እንዲህ ያለ አላየሁም።
ዳሰስኩት የራሴን፣ የጨርቁን መቀነት፤
ሁለት መቶ ብር አለ፣ እንደቋጠርኩት።

ሐሙስ ተሰበሰብን፣ ከአንማው ቀርከሃ ክምር ሥር።
የሞጣዋ ይታይሽ በስልክ ናት፤ ኔትወርኩ ይቆርጣታል ስትናገር፦
“ሰባት ቀን... ሰባት ቀን ይዘው... ጋቢዬን ደርቦ አድሮ
‘ጥለቱ አላማረኝም’ ቢልስ ሰውየው?
ዳኛው ማን ነው? ያው
ብሩን የያዘው!”
ይበልጣል፣ የዳንግላ ማር ሻጭ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰው፣
“ቀፎም ጭስም የያዘ፣” አለ፣ “ንቡም የሱ ነው።”
አንማው ግን ደስ ብሎታል። “አንድ በር ይሻላል፤
ሁለት በር ያለው ቤት ብርድ ይገባዋል።
‘እኔ ጋ የለም፣ እነሱን ጠይቅ’ እየተባልኩ፣
በስድስት ወንበር ሒሳብ ሁለት ወር ተንከራተትኩ።”
እውነቱን ነው እኮ። እሱም እውነቱን ነው።

ሽታሁን፣ ቅኔ ቤት ትቶ የስልክ ሽፋን የሚቸረችር፣
መልእክቱን ሦስቴ አነበበ፤ ቤት ሳይቆጥርለት አልቀር።
“ሰሙ ቀላል ነው፣” አለ፣ “በብር ነው የገዛ።
እስከ ዛሬ ‘ገዢ’ ስንል ደንበኛችንን ነበር፤
ከማክሰኞ ወዲህ ግን...” ሳይጨርሰው ተወውና
ሽፋን ሊያለብስ ተነሣ፤ ልጅ ቆማ ነበር እና።

“እንውጣ” ተባለ። ሁላችን። ባንድ ቀን። ስም ይጻፍ።
ከደብተር ቅጠል ተገነጠለ፤ ሦስተኛ ነኝ እኔ ስጽፍ።
ወዴት እንደምንወጣ የጠየቀ የለም።
ገበያው ሜዳ ቢሆን
ጆንያዬን አራግፌ ሌላ ዛፍ ሥር እዘረጋለሁ፤
ስልክ ውስጥ ዛፍ የለም።

ዓርብ ማታ ደግሞ ጮኸ፤ ሃያ ኪሎ፣ ለሐዋሳ፣
ለሰርግ ነው፣ ባስቸኳይ፣ ኮረሪማው ሳይረሳ።
ከማዘዣው በፊት አሥራ አራት ገጽ ውል፤
ከሥሩ “እስማማለሁ” የሚል።
“አልስማማም” የሚለውን ፈለግሁ፤
አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ ይሆናል።
የደብተሯ ቅጠል ታየችኝ፣ ሦስተኛው ስም፤
የወፍጮ ቤቱ ዕዳም ታየኝ፣ እሱ ደግሞ ዝም አይልም።

“ማንነትህን አረጋግጥ። አውራ ጣትህን ተጫን።”
ተጫንኩ።
“አልታወቀም። እንደገና ሞክር።”
ጠረግሁት፣ በቀሚሴ፣ በምራቄ፣ በዘይት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርበሬ የላጠው ጣት
መሥመር የለው፤ ለስልሷል እንደ አሮጌ ሳንቲም።
“አልታወቀም።”
ብቻዬን ሳቄ መጣ፤
መቀነቱን ገዝተው
ታጣቂዋን ገና አላወቋትም።

ከዚያ የግራ እጄን ሞከርኩ።
“እንኳን ደህና መጣህ” አለኝ።