ገጽ ሠላሳ አንድ

ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ሌሊት፣
ከፊሊፒንስ ደሴቶች ባንዷ፣ በማሊንታድ ማዘጋጃ ቤት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ማቀዝቀዣው በሚያንጠባጥብበት፣
ባልዲ ከሥሩ ባለበት።

ሩፊኖ ከሒሳብ ክፍል በእርሳስ ጽፎ ሲያቀብለኝ፣
«የሽንት ቤቶቹን ሰባት፣ ስምንት አድርጊው» ሲለኝ፣
«ሰባት ሰባት ነው» አልኩት፤ ስቆ ማስቲካ ሰጠኝ።
ሌባ እንኳ አይደለም፤ ቁጥር ሲጎድል ያዝናል፣
ምላስ ከወለቀ ጥርስ ቦታ እንደማይጠፋ፣ ልቡ እዚያው ይውላል።

ዛሬ ቀኑ ነው።
ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ወንበር ተደርድሯል፣
ከመረቡ ሥር ባንዲራ ተሰቅሏል፣
የትምህርት ቤቱ ባንድ መዝሙሩን ጀምሮ መሐሉ ጠፍቶበታል።
ከንቲባዋ ወይዘሮ ኢስትሬሊታ
መነጽሯን ቤት ረስታ
የሹፌሯን አድርጋ ታነባለች፤
መቶ ሃያውን «መቶ ሁለት» አለች፣
ሕዝቡ ሲስቅ አብራ ሳቀች።

የመንገድ መብራት፦ አርባ ሁለት ምሰሶ። ጭብጨባ።
ክትባት፦ ዘጠኝ መንደር፣ አንዱ በጀልባ።
የንግድ ፈቃድ ሰልፍ፣ ካምስት ቀን ወደ አንድ ገባ።
እኔ ከኋላ ቆሜ ከንፈሬ አብሯት ይሄዳል፣
ነጠላ ሰረዙ የት እንደሆነ ትንፋሼ ያውቀዋል።
አርባ ሦስተኛው ምሰሶ
የት እንደቀረም አውቃለሁ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ተጋድሞ፣ ሣር ለብሶ፣
ልጆች ፈረስ አድርገውት፣ ቀለሙ በቂጣቸው ተጨርሶ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ፣
«የገበያው ጎርፍ ቦይ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር፣» ብላ ሳትጨርስ፣
ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠጠር፣
ከዚያ እፍኝ፣ ከዚያ ቁና፣ ከዚያ ጆንያ ሙሉ ጠጠር፤
ዝናብ ነበር።

ማንም አልተናገረም።
አንገት ሁሉ ወደ ገበያው ዞረ።
ቦዩን የለካው መሐንዲስ፣ ያ ልጅ ዲዮስዳዶ፣
ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ፤
ጫማውን በእጁ ይዞ ሮጠ፤ ጃንጥላውን ረሳ።
እኔም ተከተልኩት።

ዓሣ ሻጯ እማማ ፓሲንግ ስብሰባውን አልመጣች፤
ሠላሳ ዓመት ዝናብ ጠብ ሲል ያደረገችውን አደረገች፤
ሚዛኗን ከመንጠቆ ሰቀለች፣
አግዳሚዋን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ጫነች፣
ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ
ጠበቀች።

ውሃው መጣ።
የዓሣ ቅርፊትና ፌስታል፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እያንሳፈፈ፣
ከቦዩ አፍ ደረሰ፤ እንደ እንግዳ አመነታ፤ ታጠፈ፤
ወደ ወንዙ አለፈ።

ዲዮስዳዶ ተንበርክኮ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ከቶ፣
ከፍርግርጉ የኮኮናት ቅጠል ይጎትታል፤
አልቅሶ ይሁን ስቆ
በዚያ ዝናብ ማን ይለያል?

«እማማ፣ ቦዩ ሠርቷል፤ አግዳሚሽን አውርጂው» አልኳት።
«አየሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል።
«ዓይኔስ አየ። እግሬ ነው ያላመነው።»
እባብ ያየ፣ አልኩ በልቤ፣
ቀሪውን ግን ዋጥኩት፤
እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ቆሜ ኖሯል ለካ፣ በሁለት እጄ።

ማታ ቢሮ ስመለስ ባልዲው ሞልቶ ፈሷል፤
የገጽ ሠላሳ አንድ ቅጂ ወለሉ ላይ ተጣብቋል።
ስልኩ ጮኸ፤ ሩፊኖ ነው።
«ስምንተኛውን ሽንት ቤት ሰኞ መቆፈር ይጀምራሉ፤ ሰማሽ?»
«ሰማሁ።»
«ታዲያ ስምንት አይባልም?»
«ለከርሞ» አልኩት።

በመስኮቱ፣ ካርባ ሁለቱ ባንደኛው መብራት ሥር፣
ገበያው ይታያል፤ መሬቱ ደርቋል፣
አግዳሚው ገና ጠረጴዛው ላይ
እግሮቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።