ምስጥ በላው

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ፣
ሃያ ዓመት ቀጠቀጥሁ፣ የሰው ቅጽ ስሞላ።
ታይፕዬ አርጅታለች፤ ከነጥብ ላይ ስትደርስ
ወግታ ነው የምታልፍ፣ ወረቀት ስትበጥስ።

ፉልማኒ ኬርኬታ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መጣች፤
ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ማውረድ ረስታለች።
የአሥር ሩፒ ሃዋላ ከፖስታ ቤት ገዝታ፣
አጣጥፋ ይዛለች፣ በመዳፏ ከትታ።

«ጻፍልኝ» አለች።
«ምን ብዬ?»
«ወንድሜ አልቢስ ያደረበትን ሌሊት ስጡኝ በል።
ሌላ አትጨምር፤ ሌሊቱን ብቻ።»

ከሐዲዱ ዳር ነው ወድቆ አገኘን ያሉት፤
ጣቢያ አልረገጠም ብለው ነው የማሉት።
ሕጉ ሌሊት አይሰጥም፤ ሰነድ ነው የሚሰጥ፤
ሌሊቷን በሕግ ቋንቋ ያዝሁኝ ስገለብጥ፦
«የጣቢያው የዕለት መዝገብ፣ ቅጽ አሥራ አራት፣
ከሆሊ ዋዜማ ምሽት እስከ ማግስቱ ንጋት፣
ግልባጩ እንዲሰጠኝ።»

ሠላሳ ቀን ይላል ሕጉ። ሠላሳ ቀን ቆጠረች፤
በቀን አንድ አዝራር፣ ከጣሳ ወደ ጣሳ እያሻገረች።
አዝራሩ ሲያልቅባት መንጠቆ ጨመረች።
ባርባ አንደኛው ቀን ፖስታ መጣ፣
ማህተም የረገጠው፣ መልሱም አንድ መስመር፦
«የተጠየቀው መዝገብ በምስጥ ተበልቷል።»

እኔ ሳቅሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።
ስንቱን አንብቤያለሁ፤ ጎርፍ የወሰደው፣
አይጥ የቆረጠመው፣ ዝንጀሮ የቀደደው፤
በዚህ ወረዳ ውስጥ ፋይል የማይበላ
ሰው ብቻ ነው መሰል፣ እንስሳው ሁሉ በላ።

እሷ አልሳቀችም። ደብዳቤውን እንደ ጨርቅ
ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።
«ጥሩ» አለች። «እንግዲያው ስለ ምስጡ ጻፍልኝ።»
«ስለ ማን?»
«ስለ ምስጡ!
መቼ ገባ? በየት በኩል? ማን ቀድሞ አየው?
መድኃኒት ተገዝቶ እንደሁ ደረሰኙ የታለ?
ከበላው የተረፈ ምን አለ?
አሥራ አራትን በልቶ፣ አሥራ ሦስትን ላይነካ ማለ?»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። በዚህ ሁሉ ዓመቴ
እንዲህ ያለ ጥያቄ አልወጣም ከጣቴ።

ደግሞ አሥር ሩፒ። ደግሞ አዝራር በጣሳ።
በመሀል ኢንስፔክተሩ ከነሞተሩ መጣ፣
ሱሪ ሊያስጠብብ ነው፣ በሳቅ ተሞልቶ፤
«እህቴ፣ ምስጥ ምን ያደርግልሻል?» አለ፣ በሩን ዘግቶ።
«ወገብዎ ሠላሳ ስምንት» አለችው፣
ሜትሯን እየጠቀለለች።
የዚያን ሌሊት መብራቷን አላጠፋችም።

ለአዲሱ ጸሐፊ ማንም አልነገረው፤
የተጠየቀውን ሁሉ፣ ልጅ ነውና፣ መረመረው።
መድኃኒቱ የተረጨው የወንበር መጋዘን ውስጥ፣
ከመዝገብ ቤቱ ማዶ ነው። ከነደረሰኙ ላከው።
የንብረት ዝርዝሩንም አያይዞ፦
ቅጽ አሥራ ሦስት፣ አለ።
ቅጽ አሥራ አራት፣ ደህና ነው፤ በውሰት፣ ኢንስፔክተሩ ዘንድ።
በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ ሰምተን ነበር፤
ለካ ይዋሳል።

ይግባኝ። ቀጠሮ። ይግባኝ። አንድ ክረምት ሙሉ
ጉባኤ አልተሟላም እያሉ።
በመጨረሻ አንድ ገጽ መጣ፣ ጠርዙ እንኳ ያልተነካ፦
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። አልቢስ ኬርኬታ። በእግሩ ገባ።»
ቀጥሎ «የወጣበት ሰዓት» የሚል አምድ አለ፤
ባዶ ነው።

አላለቀሰችም፤ ወይ እኔ ፊት አላለቀሰችም።
ጣቷን ባዶው ላይ አሳረፈች፣
መርፌ የበሳሳውን ጣት፣ ብዙ ቆየች።
«ይችን ለማስሞላት ስንት ነው?»
«አሥር ሩፒ።»
ሃዋላው ለካ ቀድሞ በመዳፏ ነበር።

ወረቀት ከተትሁ። ስምና አድራሻ፣ አንቀጽ፣ ቀን።
ነጥቡ ጋ ስደርስ ታይፕዬ እንደ ልማዷ ወጋችው፤
ላወጣው፣ ሌላ ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ።
«ተወው» አለች፣ «ምስጥ ነው ይበሉ።»