የክንድ ተፈጥሮ

ስድስቱን ቀን ሙሉ ከፈትል ማሽን ጋር፣
ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ብጥስ ክር ስቋጥር፤
እሑድ ግን ከነጋ፣ ፊሽካዬን በኪሴ፣
ሀረጎን በሚኒባስ እወጣለሁ ደሴ።

ሁለተኛ ደረጃ ነው ማዕረጌ ገና።
መጀመሪያ ባንዲራ፣ በመስመር ዳር ሩጫ፣
ከዚያ የታዳጊዎች፣ የእናቶች ግልምጫ፤
አርባ ሜትር ስድስቴ፣ በስድስት ሰከንድ ግድም፣
ጥጥ ለጠጣ ሳንባ ይህ ቀልድ አይደለም።
ፌዴራል የሚያሰኝ ያን ባጅ ለደረት፣
ከሀረጎም ይብሳል የመንገዱ ዙረት።

አበሉ አራት መቶ፤ ያውም ያዧ ካለች፣
ያውም የካዝናውን ቁልፍ ካልረሳች።
ከሱ ላይ መሳፈሪያ፣ ከሱ ላይ ምሳዬ፣
ከሱ ላይ ለሊስትሮ፣ ሶል የከዳው ጫማዬ።
የሚተርፈኝ ስድቡ ነው፤ እሱ ግብር የለው፣
ኬላ ላይ አይፈተሽ፣ ሙሉውን ነው ማወርደው።

ያን ዕለት ሆጤ ሜዳ ጉም ከጦሳ ወርዷል፣
አንዱን ጎል ከነመረቡ ከዓይናችን ሰውሯል፤
ገራዶና ሮቢት፣ ዜሮ ለዜሮ ናቸው።
የእጄ ሰዓት ልክ ሰማንያ ስምንት ሲል፣
ኳስ ከግንባር ወጥታ ክንድ ላይ ጧ ስትል!
ባለ አራት ቁጥሩ፣ አራጋው፣ ቆሞ ነው፤
ክንዱ እንደ ዶሮ ክንፍ ከጎኑ ርቆ ነው።
በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት፡
«ክንድ ከተፈጥሮው ውጭ ገላን ካሰፋበት…»
ነፋሁ።
ነጥቡን ጠቆምኩ።

ሜዳው አንድ አፍ ሆነ፤ ያባቴን ስም ጠሩ፣
በሕይወት የሌለውን፣ ከነመቃብሩ።
የገራዶ ልጆች ዙሪያዬን ሰፈሩ።
አራጋው አልጮኸም፤
አልገፋኝም፣ አልማለም፣ እጁን አላወዛወዘም።
ሊያወዛውዘው አይችልም።
እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን አሳየኝ፤
አጥንቱ ወጣ ብሎ፣ እንደ ቋጠሮ፣ አየኝ።
«ዳኛ፣ ልጅ ሆኜ ነው፤ ወጌሻ ነው ያሰረኝ፣
በጠማማው ገጥሞ እንዲሁ አስቀረኝ።
ከዚህ ዝቅ አትልም፣ ስተኛም እንዲህ ነች፤
ለኔ ተፈጥሮዬ ይቺው ጠማማዋ ነች።»

ኳሷ እስክትመታ ድረስ መሻር ይቻላል።
መስመር ዳኛዬን አየሁ፤ ሸምሱ ጫማውን ያያል።
የዳኛ ገምጋሚም አለ ትሪቡን ላይ፣
እስክሪብቶ ከፍቶ የኔን ደረጃ ሊያይ።
ጣቴ ነጥቡ ላይ ቀረ። መቷት። ገባች።
መረቧ በጉም ውስጥ ድምፅ ብቻ ሆነች።

ገምጋሚው ጻፈልኝ፡ «ደፋር፣ ሕግ ያወቀ»፤
ነጥቤ ከሰማንያ ዘጠና ዘለቀ።
በሳምንቱ ደግሞ የጽሑፍ ፈተና፣
ሦስተኛው ጥያቄ ያው ክንድ ሆኖ መጣና፣
«ኳስ በእጅ መንካት ጥፋት የሚሆነው መቼ ነው?»
እጄ ቀድሞኝ ጻፈ፤ ሽምደዳዬ ብዙ ነው።
«ከተፈጥሮ ውጭ» ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።
ከታች ባዶ መስመር ነበር፤ እርሳሴን ነከስኩ።
«የማን?» ብዬ ጻፍኩ።
መልሼ ደለዝኩ።

አልፌያለሁ። አበሌ መቶ ብር ጨመረ፣
ያው ቁልፉ ከተገኘ፣ ከወር ካላደረ።
የፋብሪካ ጓዶቼ ለስላሳ ጋበዙኝ፤
ፈረቃ መሪያችን ሳይቀር «ኢንተርናሽናል» አሉኝ።
ሳቅኩላቸው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ሳቅ አይሰማም።

ትናንት ማታ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ፣
ጉልበት ከጉልበት ጋር፣ ሰው በሰው ተጠግቶ፣
ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቄ ያዝኳት፣
እንደ መጽሐፉ ቃል፣ ዝቅ አድርጌ ገታኋት።
የሀረጎ ኩርባ ሲመጣ ተነሣች፤
ሳላዛት፣ መደገፊያ ፍለጋ ሄደች።
«ወንድሜ፣ ክርንህ!» አለች አጠገቤ ያለች፣
የቲማቲም ቅርጫት ጭኗ ላይ ያቀፈች።

ይቅርታ አልኳት፤
ሁለት ጊዜ።
አንዱ የሷ አልነበረም።