ተራ

«ከኩዌት እስከ ኸሳብ ጀልባዋን አድርሱ፣
ነፋሱ ከኋላ ነው፣ በሌሊት ተነሡ፤
ሞተሯ አመለኛ ነው፣ እንዳታምኑት» ብለው
ቡ ጣሪቅ ቁልፉን ሰጡን፣ በክር አንጠልጥለው።

ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስወለውል ኖሬ
ይህን ባሕር አየው ነበር፣ በመስታወት ታጥሬ፤
ከአሥራ አራተኛው ፎቅ አቧራ ጠርጌ ስጨርስ
ባሕሩ የጠራ ይመስለኝ ነበር፣ በጨርቄ ሲዳበስ።

አሁን ባሕሩ ውስጥ ቤት አለኝ።

ያዘነበለ ቤት ነው። ድስቱ በሽቦ ታስሯል፤
ሽንኩርት ከቅርጫት አምልጦ አልጋ ሥር ገብቷል፤
ሊጥ ሳቦካ በትከሻዬ ግድግዳውን እደገፋለሁ፣
ዱቄቱ ወደ ግራ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ።
ልብስ በባሕር ውሃ አጥባለሁ፤ ሲደርቅ በጨው ይገተራል፣
ሸሚዝህ ባዶ እጁን ዘርግቶ እንደ እንግዳ ያየኛል።

የሚጠጣው በጣሳ ነው፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ፤
ታንከሩን አንኳኩቼ እሰማለሁ፣ ድምፁ እየጎላ ሲሄድ።
«እኔ ጥም አልፈራም» ትለኛለህ፣ ስትቀልድ፣
«ዘምዘምን ይዞ የተጓዘ በጥም ይሞታል በየት መንገድ?»
በስሜ እስቃለሁ።
በልቤ ጣሳ እቆጥራለሁ።

ሌሊቱን ለሁለት ቆርሰን በተራ እንካፈላለን፤
ተራ ኑሮ የሚሉት ይኸው፣ በተራ እንኖራለን።
ፍራሹ አንድ ነው። አንተ ስትነሣ እኔ እገባለሁ፣
የተውከውን ሙቀት ሳይበርድ እወርሰዋለሁ፤
የጎንህን ጎድጓዳ በጎኔ እሞላዋለሁ።
ባልና ሚስት ነን፤ የምንተያየው መሰላሉ ላይ፣
አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ፣ እንደ ጉድጓድ ባልዲ፣ ወደ ላይ።
«በቀኝ መርከብ አለ፤ ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ ነው፤
ነፋሱ ዞር ብሏል፣ ገመዱን ላላ አድርጊው።»
የአልጋ ላይ ወጋችን ይህችው ናት።

አንተ ስትተኛ ሌሊቱ በእኔ እጅ ይቆያል።
የጋዝ ነበልባል ከሩቅ ባሕሩ መሐል ይበራል፣
ምድጃውን ሳያጠፋ የተኛ ሰው ያለ ይመስላል፤
ነዳጅ የጫነ መርከብ፣ አንድ ቀበሌ የሚያህል፣
መስኮቱ ሁሉ በርቶ፣ ሰው ሳይታይበት ያልፋል።
ያን ሁሉ መስኮት ማን ይሆን የሚወለውለው? እላለሁ።
ልማድ ነው።

በስድስተኛው ቀን ነፋሱ ቆመ።
ሸራው እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠልጥሎ ከረመ፤
ሞተሩም እንደ አመሉ አንዴ ስሎ ዝም አለ።
ያለችኝን አንዲት ጭልፋ ባሕር ውስጥ ጣልክብኝ፤
ተኳረፍን።
አኩርፈው የሚሄዱበት ጎረቤት የለም፣
ሽማግሌ የሚሆነን ከዓሣ በቀር የለም፤
አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሃያ ክንድ ተራርቀን
ኩርፊያውንም በተራ ጠበቅን።
ማታ ሾርባውን በኩባያ ጠልቄ ሰጠሁህ።
«ጨው አነሰው፣ እንድሪስን ረሳሽው» አልክ፤
ዙሪያችንን ስታይ ሳቅህ አመለጠህ።

በአሥረኛው ንጋት ጭጋጉ ውስጥ አንዳች ጠቆረ፤
«ተራራ!» ብለህ ጮህክ። እኔ የሰማሁት «ተራ» ነበረ፤
ተራዬ መስሎኝ፣ ነጠላ ጫማዬን አጥቼ፣ ወጣሁ።
የኸሳብ ድንጋይ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤
አንዲት ፍየል አፋፉ ላይ ቆማ
ምን ይዛችሁ መጣችሁ በሚል ዓይን አየችን።

መልሕቅ ጣልን። ጸጉሬን በቧንቧ ውሃ ታጠብኩ፣
ጣሳ ሳልቆጥር። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ውሃው ጋር አይለይም።
ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተኛን፤
ፍራሹ ጠበበን።
ክንድህን የት እንደምታኖረው ጠፋብህ፤
ወለሉ ቀጥ ማለቱ እኔን አዞረኝ።
እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተህ «ተራዬ ነው» አልክ።
«የምን ተራ፣ ታስረናል እኮ» ብዬ ሸሚዝህን ያዝኩ፤
ጨርቁ በእጄ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

ከዚያ አብረን ወጣን። የምንጠብቀው አልነበረም።
ፔርሙዙም ባዶ ነበር።
ታች ፍራሹ ቀዘቀዘ፣
ወራሽ አጥቶ።